ውሃ የተከለከለች ልጅ

ሽሮ ሜዳ ወርዶ የሀገር ልብስ የገዛ ሰው የሺን ሳያያት አይቀርም። ከአስፋልቱ ዳር ከተደረደሩት ሱቆች ጥግ ላይ ያለችውን ጠባቧን ሱቅ የያዘችው፣ ነጠላ ስታሳይ ሁለት ክንዷን እስከ መጨረሻው የምትዘረጋው፣ ደንበኛ ሲከራከራት የማትቆጣው ግን ደግሞ የማትቀንሰው ሴት እሷ ናት። ባሏ መሳይ ሸማኔ ነው። አባቱም አያቱም ሸማኔዎች ነበሩ፤ ከዶርዜ መጥተው እዚሁ ጉለሌ ከተራራው ሥር ጉድጓዳቸውን ቆፍረው፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው መወርወሪያ ሲወረውሩ ያረጁ ሰዎች ናቸው። መሳይ ይሠራል፣ የሺ ትሸጣለች። መሳይ ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ ነው፤ ደግነቱ የሺ የእሱንም ድርሻ ጨምራ ትናገርለታለች።

የሺን ግን ሠፈሩ ከሁሉ በላይ የሚያውቃት በንጽሕናዋ ነበር። ነጭ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ንጹሕ መሆኑ የግድ ነው ትሉ ይሆናል። የእሷ ልክ ያለፈ ነበር። ነጠላ አጥፋ ከመደርደሯ በፊት አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታሸተዋለች። ደንበኛ ባላበው እጁ ጥለት ከነካባት ፈገግ እያለች ትቀበለዋለች፤ ደንበኛው ዞር ሲል ጨርቁ ተመልሶ ይታጠባል። አትፍረዱባት። ሰው ከእሷ የሚገዛው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር ነው፤ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ነው። አንዲት ገዢ ጋቢውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን ካጨማደደች፣ ያ ወሬ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ለመምጣት እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም።

የዚህችው ሴት ጉድ ታዲያ ቤቷ ውስጥ ነበር።

ልጇ ሲና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኩዮቿ የሽንት ጨርቅ ጥለው መሮጥ ሲጀምሩ ሲና አልደረቀችም። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነበር። ልጅቷ እንደማንኛውም ልጅ ሽንቷ ሲመጣ ትናገራለች፣ ሽንት ቤት ትገባለች፣ በሥርዓቱ ሸንታ ትወጣለች። ትንሽ ቆይቶ ግን ልብሷ ርሷል። ብዙ አይደለም፤ እንደላላ ቧንቧ ጠብ ጠብ ነው። ቁጭ ብትል፣ ብትቆም፣ ብትስቅ፣ ብትተኛ ያው ነው። ሙሉ በሙሉ ደርቃ የዋለችበት ቀን የለም።

የሺ መጀመሪያ መከረች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻም አርጩሜ አነሳች። ሁልጊዜ የምትላት አንድ ነገር ነበር፤ ያዢው። ሲናም ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነበር።

«ያዝኩት እኮ፣ እማ።»

ይህ መልስ የሺን ያንገበግባት ነበር። ቀሚሷ ርሶ እያየች ያዝኩት የምትል ልጅ ከመርጠብም አልፋ ውሸታም ሆናለች ብላ አመነች፤ ለውሸቱም ለብቻው ትመታት ጀመር። 

ሌላ እናት ብትሆን ነገሩ ቶሎ ይወጣ ነበር። የሺ ግን የሸማኔ ሚስት ናት። ከጋቢ ቁራጭ የሚለሰልስ፣ ከተነደፈ ጥጥ፣ ከባዘቶ ይልቅ ውሃ የሚጠጣ ነገር በዓለም ላይ የለም፤ ሁለቱም ደግሞ ቤቷ ሞልቷል። ባዘቶውን በጋቢው ቁራጭ መሃል አነባብራ፣ ዙሪያውን ሰፍታ፣ ለልጇ ልክ አድርጋ ትሠራዋለች። ማለዳ አንድ፣ በእረፍት ሰዓት አንድ፣ ሲና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሌላ። ሥራው ከመጥራቱ የተነሣ ከውጪ የሚያይ ሰው ምንም አያይም ነበር። ሽታው ግን በጋቢ አይታሠርም። የክፍሉ ልጆች ቀስ በቀስ ከሲና ወንበር ሸሹ፤ እሷም መስኮቱ ሥር ብቻዋን መቀመጥን ለመደች።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። የመሳይ ሽመና፣ የተጠናቀቀው ልብስ፣ የሦስቱም መኝታ ያው አንድ ክፍል ነው። ሲና ለመወርወሪያው ፈትል በቀሰም ላይ ትጠቀልላለች፣ ለአባቷም ታቀብላለች፤ ያለቀውን ልብስ ግን በጣቷ ጫፍ እንኳ እንድትነካው አይፈቀድላትም። የምትተኛው በር አጠገብ፣ ላስቲክ በለበሰ ፍራሽ ላይ ነው። መስቀል ሲደርስ የሠፈሩ ዶርዜ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሀገሩ ሲገባ፣ መሳይ ብቻውን ተሳፍሮ ይሄዳል። የሺ ሱቁን ማን ይጠብቃል ብላ ትቀራለች። እውነቱ ግን ያን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ላይ፣ ከዚያም ከአማት ቤት ከዘመድ ልጆች ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ሲናን እንዴት አድርጋ እንደምታስተኛት ስለማታውቅ ነበር። ልጅቷ የአባቷን ሀገር በስልክ ፎቶ እንጂ በዓይኗ አላየችውም።

ሐኪም ጋ አልሄደችም እንዳይባል ሄዳለች። ሲና ሰባት ዓመት ሲሆናት ወደ ጳውሎስ አካባቢ ወደ አንድ ሆስፒታል ይዛት ወረደች። ከመሄዷ በፊት ልጅቷን አጠበቻት፣ አዲስ ልብስ አለበሰቻት፣ ከሁሉ ወፍራሙን ጨርቅ አደረገችላት። ሐኪም ዘንድ ቆሽሾ አይኬድም አይደል? ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት በሽተኛ በአንድ ጊዜ ያያሉ። የሺ ገብታ ቀና ስትል ሁለተኛው ወንበር ላይ ሳል የያዘውን ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዘይነብ። ሱቋ ከየሺ ሱቅ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ብቻ የሚለያይ፣ ጠዋት ጠዋት አብረው የሚከፍቱ፣ የሽሮ ሜዳን ወሬ ሁሉ አስቀድማ የምትሰማ ዘይነብ።

ሐኪሙ ምን እንዳጋጠማት ሲጠይቅ የሺ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሐኪሙ አልሰማትም፤ ደግማ እንድትናገር ጠየቃት። ያን ጊዜ የሺ የዘይነብን ጆሮ እያየች፣ አልፎ አልፎ ሌሊት ሌሊት አልጋዋን ታረጥባለች አለች። ሌሊት ብቻ? ሌሊት ብቻ። ቀንስ? ቀን ደህና ናት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐኪሙ በተነገረው ልክ አከመ። ይህ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ እያደገች ስትሄድ ይተዋታል፣ እስከዚያው ከእራት በኋላ ውሃ ቀንሱላት አለ። ለጥንቃቄም አልትራሳውንድ አዘዘላት። አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ያለችው ነርስ ደግሞ ልጅቷ ፊኛዋ እስኪሞላ ድረስ ብዙ ውሃ እንድትጠጣ አዘዘች። የሺ የሃይላንድ ውሃ ገዛች። ኮሪደሩን አየች፤ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። አንዲት ጉንጭ አስጎንጭታት የቀረውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነርሷ ጠጥታለች ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ አዎ በደንብ ጠጥታለች አለች። ፊኛዋ ባዶ በሆነ ልጅ ሆድ ውስጥ ማሽኑ ያየው ጥቂት ነገር ነበር፤ ያየውም ነገር ደህና ነው ተባለ።

የሺ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ በአንድ በኩል ቀለላት፣ በሌላ በኩል ተናደደች። ማሽን አይቶ ምንም የለም ካለ፣ ቀሪው የልጅቷ ስንፍና ነው ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታለች፤ እሷ ግን የደበቀችው በሽታ መሆኑን መቼ አወቀች።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከእራት በኋላ ውሃ ቀንሱ የተባለውን የሺ ከሰዓት በኋላ አደረገችው። ትንሽ የቀነሰ መሰላት። ከምሳ በፊትም አደረገችው። በመጨረሻ ውሃ በቤቱ ውስጥ በፈቃድ ሆነ፤ ሲና ኩባያ ይዛ እናቷ ፊት ትቆምና ልጠጣ ትላለች፣ የሺም እንደ ሁኔታው ትንሽ ጠጪ ወይም ተይው ትላታለች። የሽሮ ወጥ ጨው እንዲያንሰው ተደረገ። ጠብታው ቀነሰ፤ ሽታው ግን ባሰበት። የልጅቷ ከንፈር ደረቀ፣ ሽንቷ ቀላ፣ አንዳንድ ቀን ወገቧን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። የሺ ቀሰም ስትጠቀልል ጎንበስ ብላ ስለምትውል ነው አለች።

ሲና በነፃነት የምትጠጣበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይወጣሉ። እዚያ ካህኑ ጠጪ ይላታል፣ እናቷም አትከለክላትም። ልጅቷ ጸበሉን በጆግ ተቀብላ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥሟ እስኪቆርጥላት ትጠጣዋለች። ተጠምቃ ስትወጣም ቀሚሷ ከላይ እስከ ታች ርሶ ነው፤ የሁሉም ሰው ቀሚስ ርሷል። ቁልቁለቱን ስትወርድ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ትሮጣለች። ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜ መቼ ነው እያለች ትጠይቅ ነበር። የሺ ልጄ እምነቷ ጠንካራ ነው እያለች ለመሳይ ትነግረዋለች።

አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ነገሩ ከረረ። አንድ ልጅ በክፍሉ ፊት አፍንጫውን ይዞ አሳቀባት። ሲና ቤት መጥታ አላለቀሰችም፤ ቀሰሟን አንስታ መጠቅለል ጀመረች። የሺም ቆርጣ ተነሳች። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከመጀመሩ በፊት ሲና ከትምህርት ቤት ትወጣለች፣ ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር ትሠራለች፤ እዚህ ማንም አይስቅባትም። መሳይ ይህን ሲሰማ መወርወሪያውን አቆመ። ልጅቷ ጎበዝ ናት አለ። የሺም ጎበዝ መሆኗን እኔም አላጣሁትም፣ ግን እስከ መቼ ብላ መለሰችለት። መሳይ መወርወሪያውን መልሶ አነሳው። በዚያች ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ዕድሜ ልኳን ልትደበቅ የተወሰነባት እንዲህ ባለ አጭር ንግግር ነው።

ከመውጣቷ በፊት በነበረው ሳምንት ሲና በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ወደቀች። የበጋ ፀሐይ ነው፤ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም። መምህሯ ተሸክሟት በላዳ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። የሺ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ፣ ዘይነብ እንድታይላት በእጇ ብቻ ጠቁማ ሮጠች።

ስትደርስ ሲና ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ናት። ሰውነቷ በትኩሳት ግሏል፤ ኩላሊቷ አካባቢ ኢንፌክሽን አለ ብለዋል፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። የሺ ከረጢቱን ቀና ብላ አየችው። ውሃ ነው። ጠብ ጠብ እያለ ልጇ ውስጥ ይገባል፤ ማንም አላስፈቀዳትም። ልቧ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ አንዱ ልጄ ትትረፍልኝ ይላል፣ ሌላው ይህ ሁሉ ውሃ በኋላ የት ሊወጣ ነው ይላል። ይህንን ሁለተኛውን ልቧን እስከ ዛሬ ትጠላዋለች።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፣ ሽንት ቤት እንድትወስዳት ጠየቀች፣ ወሰደቻት፣ በደንብ ሸንታ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ዶክተር ሳሌም የምትባል ወጣት ሐኪም መጣች። ልጅቷን ቁጭ አድርጋ ጀርባዋን ስታዳምጥ አንሶላው ላይ እርጥበት ሲሰፋ አየች። የሺ የጋቢውን ጨርቅ ከቦርሳዋ ለማውጣት ተንደረደረች።

«ይተዉት፣ እናቷ» አለች ዶክተሯ። «አሁን ሽንት ቤት ሄዳ አልነበር?»

የሺ አዎ፣ ትኩሳቱ ነው አለች። ቀና ስትል ደግሞ ከጎናቸው ያለችውን አስታማሚ አየቻት። ሴትዮዋ ነጠላ አጣፍታለች። ጥለቱን የሺ በጨለማ ብታየው ታውቀዋለች፤ የመሳይ እጅ ነው፣ ከእሷ ሱቅ የተገዛ። ሴትዮዋም እነሱን ነበር የምታየው።

ዶክተር ሳሌም ወደ ልጅቷ ዞረች። እንዲህ የሚሆነው ዛሬ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ ነው ስትል በለሆሳስ ጠየቀቻት።

ሲና እናቷን አየች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ረግቶበታል። የእናቷን ፊት አንብባ ስትጨርስ፣ «ሌሊት ብቻ ነው» አለች። «ቀን ደህና ነኝ።»

የሺ በራሷ ቃል፣ በራሷ አነጋገር፣ ከአራት ዓመት በፊት የተናገረችውን ከልጇ አፍ ሰማችው። ልጅቷ አልጋ ላይ ወድቃ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ እናቷን ከሰው ዓይን ልታድን ትዋሻለች። የሺ ያን ጊዜ የተሰማትን ኋላ ለመሳይ ልትነግረው ሞክራ አልቻለችም። ብቻ አፈረች፤ በሴትዮዋ ፊት ሳይሆን በልጇ ፊት አፈረች።

«ውሸቷን ነው፣ ዶክተር» አለች፤ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማት ድረስ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ቀንም ሌሊትም ነው። ከተወለደች ደርቃ አታውቅም።»

ዶክተር ሳሌም አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሽንቷን እንደ ልጆቹ በሥርዓቱ ትሸናለች? ትሸናለች። ግን በመሃል ይንጠባጠባል? ይንጠባጠባል። ውሃስ ምን ያህል ትጠጣለች? የሺ ይህንንም ተናገረች። ቀደም ብላ ይህንኑ ብትናገር ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሺ ጠየቀቻት። ሐኪሟም ስለ ወደፊቱ ብናወራ ይሻላል አለች፤ የሺ መልሱን ከዚያ ተረዳችው።

ትኩሳቱ ሲበርድ አልትራሳውንዱ ተደገመ። ነርሷ ጆግ ሙሉ ውሃና ኩባያ አመጣች። ሲና የመጀመሪያውን ኩባያ ከመጠጣቷ በፊት እናቷን አየች። የሺ ጠጪ አለቻት። ሁለተኛውንም ስትይዝ አየቻት። ሦስተኛውንም። ኮሪደሩ እንደ ድሮው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ልጅቷም ወንበሩ ላይ ርሳለች። የሺ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደያዘች ቁጭ አለች፤ ጨርቁን ለማውጣት እጇ በራሱ እየሄደ ሲያስቸግራት ቦርሳውን አጥብቃ ያዘችው። ማሽኑን የያዘው ሐኪም በዚህ ጊዜ ብዙ ቆየ። በግራ ኩላሊቷ የላይኛው ክፍል ላይ፣ ከሙሉው ፊኛዋም በስተጀርባ አንድ ነገር አይቷል። ሲቲ ስካን ይነሣ ብሎ ጻፈ።

ለሲቲ ስካኑ ቀለም መሰል መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፤ ኩላሊቷ መድኃኒቱን ሲያጣራ ሽንቱ የሚሄድበት መንገድ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ሰውነቷን ሲያሞቃት ሲና ደንግጣ፣ አሁን ያመለጠኝ እኔ ነኝ ወይ ብላ ከመስተዋቱ ማዶ ወዳለው ባለሙያ ጮኸች። ባለሙያው አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ይሰማዋል አላት። 

በውጤቱ ቀን መሳይም አብሮ መጣ። ዶክተር ሳሌም ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረችው። በጥቁሩ መሃል ሁለት ኩላሊት፣ ከሥራቸውም ቀጫጭን ነጭ መስመሮች እንደ ፈትል ወደ ታች ወርደዋል። በቀኝ አንድ። በግራ ሁለት።

ዶክተሯ በጣቷ እየተከተለች አስረዳቻቸው። ከእያንዳንዱ ኩላሊት ሽንቱን ወደ ፊኛ የሚያወርድ አንድ ቧንቧ መኖር አለበት። ሲና ግን በግራ በኩል ሁለት ይዛ ነው የተወለደችው። አንዱ በሥርዓቱ ፊኛዋ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ፊኛውን ስቶ አልፎ፣ ሽንት ከሚዘጋው ጡንቻ በታች ወጥቷል። ያ ቧንቧ ከኩላሊቷ የላይኛው ክፍል የተቀበለውን ቀንም ሌሊትም፣ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ወደ ውጪ ያፈሰዋል።

የሺ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ብትይዘውስ?

«በዚህኛው መያዝ የሚባል ነገር የለም፤ እኔም እርስዎም ብንሆን አንይዘውም» አለች ዶክተር ሳሌም። «ፊኛዋ ጤነኛ ነው። መዝጊያውም ጤነኛ ነው። ሊያዝ የሚችለውን ሁሉ ስትይዝ ነው የኖረችው።»

ያዝኩት እኮ፣ እማ። የሺ ልጅቷ ይህን ያለችባቸውን ቦታዎች ሁሉ አስታወሰች፤ በሩ ላይ፣ ጓሮው ጋ፣ ከመሳይ ጉድጓድ አጠገብ፣ አርጩሜው ከተንጠለጠለበት ሚስማር ሥር። አንድም ቀን አልዋሸችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ሲናም ምን እንደሆነች ግራ ገብቷት እጇን ያዘችላት።

መሳይ ዓይኑን ከፎቶው ላይ አልነቀለም ነበር። ድር ሲሳብ ቦታውን የሳተ ክር በመምታት አይስተካከልም፣ ቆርጠው መልሰው ነው የሚቀጥሉት አለ። ዶክተሯም ቀዶ ሕክምናው ከዚሁ የራቀ አይደለም አለችው፤ የሳተውን ቧንቧ ቆርጠው ከትክክለኛው ጋር ያጋጥሙታል። ችግሩ ወረፋው ነው። ብዙ ልጆች ይጠብቃሉ፤ ተራዋ ሲደርስ ይደወላል። መቼ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። እስከዚያ ጠብታው አይቆምም፤ ያ የኩላሊቷ ክፍል ደግሞ በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ተጎድቷል፣ ሌላ እንዳይደርስበት ብዙ ውሃ መጠጣት አለባት። በተለይ ውሃው፣ አለች ዶክተሯ የሺን እያየች።

ከትምህርት ቤት መውጣቱ ቀረ። የሺ ራሷ ሄዳ ለክፍል ኃላፊዋ ነገሩን እንዳለ ነገረቻት። ጠዋት ጠዋትም የሲናን ቦርሳ ውስጥ ሙሉ የውሃ ጠርሙስ ትከታለች። ማታ ስታየው ጠርሙሱ ሙሉ ነው። ሁለተኛውም ቀን ሙሉ ነው። ተቆጣች፤ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች፤ በማግስቱ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ መጣ። የሺ ደስ አላት። ግን ከንፈሯ እንደተሰነጠቀ ነው። በሌላው ቀን ከበሩ ጀርባ ቆማ ስትጠብቃት፣ ሲና ከመግባቷ በፊት ግቢው በር ላይ ቆማ ውሃውን አፈሩ ላይ ስታፈሰው አየቻት።

የሺ ያን ማታ እራት አልቀመሰችም። ቧንቧውን ሐኪም ይቀጥለዋል፤ ይህን የሠራችው ግን እሷ ናት፣ ይህን የሚቀጥል ሐኪም ደግሞ ከየት ይመጣል? መሳይ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ሲና ኩባያ ይዛ እናቷ ፊት ቆመች። ልጠጣ አለች።

የሺ ተነሳችና ካለቀው ልብስ ላይ ያለውን ላስቲክ ገለጠች። መሳይ በዚያው ሳምንት ከሽመናው ያወረደውን ጋቢ አወጣች፤ ለሙሽራ የታዘዘ፣ ገና እጅ ያልነካው ነው። ከእቅፏ ዘርግታ፣ የበሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ካለው ላስቲክ በላይ አነጠፈችው። መሳይ መወርወሪያውን አቆመ። ጋቢውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ። ሌላ እሠራለሁ ብሎ መልሶ መወርወር ጀመረ።

ሲና አልቀረበችም። እጇን ከኋላዋ አድርጋ፣ «እሱን እኮ አልነካም» አለች።

«ያንቺ ነው» አለቻት የሺ። «ጠጪና እዚህ ላይ ተኚ። ይርጠብ። ስትይዢ ኖረሻል፣ የኔ ልጅ፤ ያላመንኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

በዚያ ሠፈር እናት ልጇን ይቅር በይኝ ስትል ሰምቶ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ሲና ኩባያውን ጠጣች፤ ግማሹ ላይ ቆም ብላ እናቷን አየች፤ የሺ ስላልተንቀሳቀሰች የቀረውንም ጨለጠችው። ከዚያ ጋቢው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። እንቅልፍ ሲጥላት ነው ወደ መሃሉ የገባችው።

ጠዋት ጋቢው ርሷል፤ ቢጫ ክብ መሃሉ ላይ ወጥቶበታል። የሺ በሳሙና አሽታ አጠበችው። የሲና ጨርቆች ሁልጊዜ የሚሰጡት ጓሮ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ነበር። ጋቢውን ይዛ ወደ ጓሮ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ወደ ሱቁ ወረደች፤ ነጠላ የሚያናፍሱበት ገመድ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያልፍበት አደባባይ ሰቀለችው። ክቡ አሁንም በደብዛዛው ይታያል።

ዘይነብ ሱቋን ስትከፍት አየችው። ምነው በአዲስ ጋቢ ላይ ምን ፈሰሰበት ብላ ጠየቀች።

«ሽንት ነው» አለች የሺ። በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «የሲና ነው። ከተወለደች ጀምሮ ታማ ነው፤ አሁን በማሽን ታየላት። ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ሌሊት ብቻ ነው ያልኩት ውሸቴን ነበር።»

ዘይነብ ጋቢውን አየችው፤ የሺንም አየቻት። ከዚያ ቁልፏን ኪሷ ከታ ወደ ገመዱ መጣች።

«እዚህ ጥላ ነው፣ የሺዬ፣ አይደርቅልሽም» አለችና አንዱን ጫፍ ያዘች። «በዚያ በኩል ያዢልኝ፤ ወደ ፀሐዩ እንሳበው።»